እንቁላል ያቆመችውን ዶሮ ወደ ጤናዋ ለመመለስ፦ ከካፕሱሉ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

ጓሮው ውስጥ አምስት ስድስት ዶሮ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል። ደህና ስትጥል የከረመች ዶሮ ድንገት ታቆማለች። ወይ ላባዋን ነፍታ ጥግ ይዛ ኩርምት ትላለች፤ ወይ ደግሞ ምንም ሳትመስል እየበላች እየጠጣች መጣያ ሳጥኗ ባዶውን ይውላል። ያኔ ብዙ ቤት የሚደረገው አንድ ነው፦ ከሰው ሕክምና የተረፈ የአምፒሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተከፍቶ ውሃዋ ውስጥ ይበተናል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዋናነት ያንን ካፕሱል ለማስቀረት ነው። እንቁላል ያቆመች ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ የጎደላት ውሃ፣ በቂ መኖ፣ የመኖ ኖራ ወይም ተባይ የማይረብሸው እንቅልፍ ነው። አንቲባዮቲክ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። ሳይታወቅ የተሰጠ መድኃኒት ደግሞ በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆቻችን ሳህን ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ዶሮዋን እንያት፣ እንዳስሳት፣ ከዚያ እንወስን።

እውነት አቁማለች?

የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። ያውም በዙር ነው፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ትጥልና ትታቀፋለች ወይም ታርፋለች። እረፍት ላይ ያለች የሐበሻ ዶሮ በሽተኛ አይደለችም። ለእንቁላል የተዳቀሉት የፈረንጅ ዶሮዎች፣ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን፣ ግን ሌላ ናቸው። በጥሩ አያያዝ በመጀመሪያ የመጣል ዓመታቸው 300 ገደማ ይጥላሉ። እነሱ ሳምንት ሙሉ ባዶ ካሳዩ ምክንያት አለ ማለት ነው። ዕድሜዋንም አስቡ። ሁለት ዓመት ካለፋት ቁጥሩ መቀነሱ የተፈጥሮ ነው፤ ምንም ብታበሏት የመጀመሪያው ዓመት አይመለስም።

ሌላው ጉዳይ ድብቅ እንቁላል ነው። ጓሮ የምትለቀቅ ዶሮ መጣያዋን ካልወደደችው ከእንጨት ክምር ሥር፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ ኋላ ሄዳ ትጥላለች። ሁለት ሦስት ቀን እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ አትልቀቋት። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው ከቀትር በፊት ስለሆነ ጉዳዩ ቶሎ ይለያል። መጣያው ውስጥ የተሰባበረ ቅርፊት ወይም የረጠበ ጭድ ካያችሁ ደግሞ እንቁላሉ እየተበላ ነው፤ ወይ ሸለመጥማጥ ይገባል፣ ወይ ከዶሮዎቹ አንዷ ለምዳለች።

ለብቻዋ አውጧት

የደከመች ዶሮ ከጓደኞቿ ጋር መዋል የለባትም። አንደኛ፣ ይነቋቆሯታል፣ መኖም አያስቀርቧትም። ሁለተኛ፣ የያዛት ነገር የሚተላለፍ ከሆነ ሌሎቹን መጠበቅ አለባችሁ። አንድ ሰፋ ያለ ካርቶን በቂ ነው። ነፋስ የማይገባበት፣ ግን አየር ያለው ቦታ አድርጉት። በመጀመሪያው ቀን ሰጋቱራ አታንጥፉበት። ጋዜጣ አንጥፉበት። ኩሷን ማየት የምትችሉት ያኔ ነው።

ጤነኛ ኩስ ጠጠር ያለ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ አናቱ ላይ ነጭ አለው። አልፎ አልፎ የሚወጣው የሚያጣብቅና የሚሸት ቡናማ ኩስ አያስደንግጣችሁ፤ የተለመደ ነው። ደም ካለበት ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። ውሃ የሆነ አረንጓዴ ከሆነ ግን ቆም በሉ።

አረንጓዴ ቅዘን፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አንገት መጠማዘዝ፣ ክንፍና እግር መስነፍ፣ በዚያ ላይ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሌሎችም መውደቅ ከጀመሩ ይህ የፈንግል ምልክት ነው። ለፈንግል መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ አረቄ፣ ሎሚ እየተባለ የሚሰጠው ሁሉ አያድንም። አረቄውማ ጭራሽ ይጎዳታል። የሞተችውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ። ለውሻ አትጣሉ። የተረፉትን ደግሞ "ሳይሞቱ ልሽጣቸው" ብላችሁ ገበያ አታውጡ፤ በሽታው ከመንደር መንደር የሚዞረው እንደዚያ ነው። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ብዙ ዶሮ ባንድ ጊዜ ሲሞት ፈንግል ብቻ ላይሆን ስለሚችል በባዶ እጅ አትንኩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ይህ ሁሉ ከሌለ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

በእጃችሁ መርምሯት

ምርመራውን ማታ አድርጉት። ቆጥ ላይ ከወጣችና ከጨለመ በኋላ ዶሮ ትፈዛለች፤ ሳትታገል ትያዛለች። ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አድርጋችሁ ብብታችሁ ሥር ያዟት፣ ጭንቅላቷ ወደ ኋላችሁ ይሁን። ሌላ ሰው በስልኩ መብራት ያብራላችሁ።

ከላይ ጀምሩ። የምትጥል ዶሮ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ደማቅና ሞላ ያለ ነው። ያቆመችው ይገረጣል፣ ይኮማተራል። በጣም ከነጣ የደም ማነስ ነው፤ ደሟን የሚመጥ ተባይ ወይም ትል አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ፊቷ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ ጥቁር ቅርፊት ካለ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ፊቷ አብጦ አፍንጫዋ የሚሸት ፈሳሽ ካወጣ ሐኪም ያስፈልጋታል።

ቀጥሎ አንገቷ ሥር ያለውን የመኖ ከረጢት ዳስሱ። ማታ ሞልቶ፣ ጠዋት ከመብላቷ በፊት ባዶ መሆን አለበት። ጠዋትም እንደ ሊጥ ከሞላ ወይም እንደ ድንጋይ ከጠጠረ መኖው አላለፈም። ሣር፣ ገመድ ወይም ፕላስቲክ ውጣ ይሆናል።

የደረቷን አጥንት በጣት ተከተሉት። ግራና ቀኙ ሥጋ ከሌለውና አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ከተሰማችሁ ዶሮዋ ተርባለች ወይም የምትበላው አልጠቀማትም። ላባዋ ክብደቷን ስለሚደብቅ በዓይን ብቻ ይህ አይታወቅም። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ኋላዋ ሂዱ። ከመቀመጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው፤ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አቁማለች። መውጫዋም ይናገራል። የምትጥለው ሰፊና እርጥብ ነው፤ ያቆመችው ጠባብ፣ ደረቅና የተሰበሰበ ነው። አጥንቱ ሰፍቶ፣ መውጫዋም እርጥብ ሆኖ እንቁላል ካጣችሁ ወደ እንጨቱ ክምር ተመለሱ፤ ደብቃባችኋለች።

መጨረሻ ላይ ላባዋን ገልጡ። ክንፏ ሥርና መቀመጫዋ ዙሪያ ቆዳው ላይ የሚሯሯጥ ቢጫ ነገር፣ ላባው ሥር ደግሞ ተጣብቆ የተከመረ ነጭ ቅጫም ካያችሁ ቅማል ነው። ዓይኗ ዙሪያ የተሰኩ ጥቁር ነጠብጣቦች ቁንጫ ናቸው። እግሯ ላይ ያለው ቅርፊት ከተነሣና ከሻከረም ተባይ ገብቶበታል። አንድ ዓይነት ግን ዶሮዋ ላይ አይገኝም። ቀን ቀን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይመጣል። እሱን ለማግኘት በጨለማ የቆጡን ሥር በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ ቀይ የደም ጭረት ከታየ አለ።

ውሃ፣ ከሁሉ በፊት

እንቁላል ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፣ በሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ። አንድ ቀን ሙሉ ከተጠማች መጣል ልታቆም ትችላለች፤ ለመመለስም ቀናት ይፈጅባታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። ለቤቱ ጀሪካን ሲሞላ የዶሮዎቹ ድርሻ የሚረሳበት ቤት ብዙ ነው። ግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ ግድግዳ ላይ ታስሮ በቂ ነው። የሚገለበጥ ሳፋ አይሁን፣ ጥላ ላይ ይሁን፣ በየቀኑ ይታጠብ።

ለደከመችው ዶሮ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡላት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ኦአርኤስም ይሆናል። ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ንጹሕ ውሃ። ራሷ ካልጠጣች መርፌ በሌለው ስሪንጅ በምንቃሯ ጎን ጠብ ጠብ አድርጉላት። አፏን ከፍታችሁ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባዋ ይገባና ይገድላታል።

ያገኛችሁትን ማከም

ተባይ ከሆነ ዶሮዋንም ቤቱንም ባንድ ቀን ያዙ። አንዱን ትቶ ሌላውን ማከም ድካም ነው። ለዶሮ የተዘጋጀ የተባይ ዱቄት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቁ። ለእህል ማከማቻ የሚሸጠውን ማላታይን ወይም ለከብት የሚረጨውን በግምት አትጠቀሙ፤ ዶሮዋንም የሚነካውንም ሰው ይመርዛል። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ድገሙት፣ ምክንያቱም ዱቄቱ ቅጫሙን አይገድልም። የቤቱን ጉዝጓዝ በሙሉ አውጥታችሁ አቃጥሉ። ቆጡን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ስንጥቁን ድፈኑ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ። ከዚያ የዝናብ ውሃ የማይደርስበት ጥግ ላይ ደረቅ አፈርና የከሰል ሳይሆን የእንጨት አመድ የተቀላቀለበት ጉድጓድ አዘጋጁላት። ዶሮ ራሷን በአቧራ የምታጥበው ለዚሁ ነው። ለእግሯ ቅርፊት ደግሞ ቫዝሊን በየሁለት ሦስት ቀኑ ለጥቂት ሳምንታት መቀባት ተባዩን አፍኖ ይገድለዋል። የተነሣውን ቅርፊት በእጅ አትላጡ።

ትል ከጠረጠራችሁ የጠዋት ትኩስ ኩስ በንጹሕ ፌስታል ይዛችሁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። ፒፔራዚን ወይም አልቤንዳዞል ሊታዘዝ ይችላል፤ መጠኑ በክብደቷ ነው። ደም ያለበት ኩስ ሲሆን በውሃ የሚሰጥ አምፕሮሊየም የተለመደ ነው። ያኔ ጉዝጓዙን ማድረቅ ከመድኃኒቱ እኩል ያስፈልጋል። በሽታው የሚራባው እርጥበት ውስጥ ነው፣ በክረምት የሚብሰውም ለዚያ ነው።

እንቁላል ተይዞባት ከሆነ ሁኔታዋ ይለያል። ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ጅራቷን ታወርዳለች፣ ደጋግማ ታምጣለች፣ መጣያው ገብታ ባዶዋን ትወጣለች። ሆዷን ከታች በቀስታ ብትዳስሱ ጠንካራው ይሰማል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አዘጋጁ፤ ሕፃን እንደምታጥቡበት በክርናችሁ ሞክሩት። ሆዷ እስኪጠልቅ 15 ወይም 20 ደቂቃ አቆዩአት። ከዚያ መውጫዋን ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ቀብታችሁ በደንብ አድርቃችሁ ጨለም ያለ፣ ሞቅ ያለ ካርቶን ውስጥ ተዉአት። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ካልወጣ አንዴ ድገሙት። በማግስቱም ካልሆነ ሐኪም ጋ ውሰዷት። እንቁላሉን ውስጥ ለመስበር ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ቅርፊቱ ቆርጧት ትሞታለች።

መታቀፍ ፈልጋ ያቆመች ዶሮ በሽታ የለባትም። ቀኑን ሙሉ መጣያው ላይ ተነፍታ ትቀመጣለች፣ እጅ ሲቀርብ ትቆጣለች፣ ትነክሳለች፣ የሆዷን ላባ ትነቅላለች። የሐበሻ ዶሮ ይህ አመሏ ጠንካራ ነው፤ ቦቫንስ ላይ እምብዛም አይታይም። አውራ ዶሮ ካላችሁ ጥሩ እንቁላል ስጧትና በ21 ቀን ጫጩት ትፈልፍል። ካልፈለጋችሁ ማስተው ይቻላል። እግሯን አስሮ ቁልቁል መስቀል፣ በአፍንጫዋ ላባ መሰካት፣ ውሃ ውስጥ መንከር በየአካባቢው የኖረ ዘዴ ነው። እኔ አንዱንም አልደግፍም። ያሠቃያታል፣ ቁስሉም በሽታ ያስገባል። ወለሉ ወንፊት ሽቦ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጭድ የሌለው ሳጥን ውስጥ መኖና ውሃ እየሰጣችሁ ሦስት አራት ቀን አቆዩአት። ከሥሯ አየር ሲነፍስ ሆዷ ይቀዘቅዛል፣ ሙቀቱ ሲቀር የመታቀፍ ፍላጎቱም ይሄዳል።

ላባ እየጣለች ከሆነ ታገሡ። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ላባ አብዛኛው ፕሮቲን ስለሆነ የበላችው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። መኖዋን አሻሽሉላት፣ ሌላ ምንም አታድርጉ።

መኖ፣ ዋናው ነገር

አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። ፕሮቲኑ ከመቶ 16 እስከ 18፣ ካልሲየሙ ከመቶ 3.5 እስከ 4 መሆን አለበት። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ብቻውን 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይዟል። ዶሮዋ ከመኖዋ ካላገኘችው ከአጥንቷ ትወስዳለች፣ አጥንቷ ሲያልቅ መጣል ታቆማለች፣ እግሯም ይዝላል። በቆሎና የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የምትበላ ቦቫንስ መጨረሻዋ ይሄ ነው።

አቅም ከፈቀደ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የጣይ መኖ ግዙ። የጫጩት ወይም የታዳጊ መኖ አይደለም፣ እሱ ካልሲየሙ አነስተኛ ነው። ቤት ለሚያዘጋጅ 10 ኪሎ መኖ እንዲህ ይሠራል፦ የተከካ በቆሎ 5 ኪሎ፣ ፉርሽካ 1 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 1 ኪሎ ተኩል፣ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 1 ኪሎ ተኩል፣ የመኖ ኖራ 900 ግራም፣ ጨው 30 ግራም፣ ቫይታሚን ደግሞ እሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን። ለአምስት ዶሮ ሁለት ሳምንት ያልፋል። አኩሪ አተሩ ጥሬውን አይሰጥም፤ ጥሬው ፕሮቲኑን እንዳትጠቀምበት ያደርጋል። ኖራውም ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለው ኖራ አይደለም። ያ አፏንና ጉሮሮዋን ያቃጥላል። ከመኖ ሻጭ የሚገዛውን ድንጋያማ ዱቄት ነው የምለው።

የመኖ ኖራ ካጣችሁ የእንቁላል ቅርፊት አጠራቅሙ። አጥባችሁ በምጣድ አምሱት፣ ከዚያ ሸካራ አድርጋችሁ ከትክቱት። ለብቻው በዕቃ አስቀምጡላት እንጂ ለሁሉም መኖ ላይ አትበትኑ። አውራ ዶሮና ጫጩት ብዙ ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል፤ ጣይዋ ግን የሚያስፈልጋትን ራሷ ትመርጣለች። ትንንሽ ጠጠርም አይጥፋ፤ ጥርስ ስለሌላት መኖውን የሚፈጭላት ሆዷ ውስጥ ያለው ጠጠር ነው። ጎመን፣ ሰላጣና ሣር ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ይጨመር።

የማይሰጡም አሉ። የሻገተ እንጀራ፣ ዳቦና እህል ጉበቷን ይጎዳል። ሰው የማይበላው ለዶሮ ይሆናል የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ መርዝ ነው፤ ከጭማቂ ቤት ትርፍራፊ የምታመጡ ተጠንቀቁ። ጨው የበዛበት ወጥም አይሆንም፣ ያልበሰለ ቦሎቄም እንደዚያው።

መብራት

ኢንተርኔት ላይ የፈረንጆቹን መመሪያ ያነበበ ሰው "ክረምት ሲገባ ብርሃን ስለሚያጥር ነው" ሊል ይችላል። የእነሱ አገር እውነት ነው። እኛ ዘንድ የቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ የኛ ዶሮ በዚያ ምክንያት ብዙም አታቆምም። የፈረንጅ ዶሮ ያለው ሰው ማታ ለሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ደካማ አምፖል ቢያበራላት ይረዳታል። ግን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። መኖና ተባዩ ሳይስተካከል መብራት ማብራት ትርፉ የመብራት ቆጣሪ ነው።

መጠበቅና መመለስ

መኖውን ዛሬ አስተካክላችሁ ነገ እንቁላል አትጠብቁ። አንድ አስኳል አድጎ ለመውጣት 10 ቀን ያህል ይፈልጋል። የከሳች ዶሮ ደግሞ መጀመሪያ ሥጋዋን ትመልሳለች። ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት የተለመደ ነው። በየሳምንቱ ደረቷን እየዳሰሳችሁ ተከታተሏት። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ መሙላት ሲጀምር እንቁላሉ ቀርቧል።

ወደ ጓደኞቿ የምትመልሷት ማታ ነው፣ ሁሉም ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ። በቀን ብርሃን ከመለሳችኋት እንደ እንግዳ ይቆጥሯትና ይደበድቧታል። በማግስቱ መኖውን ሁለት ቦታ አድርጉት።

ክትባት የሚሰጠው ለጤነኞቹ ነው፣ የታመመችውን መከተብ አያድናትም። ድና ስትመለስ ግን ከሌሎቹ ጋር የፈንግል ክትባቷን ታግኝ። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ ባንድ ቀን አስከትቡ። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ይገድለዋል፤ የዝናብ ወይም የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ተጠቀሙ።

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ትንንሽ፣ አንዳንዴም ቅርፊታቸው ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ከሳምንት በላይ ከቀጠለ ኖራው አንሷል። መድኃኒት ወስዳ ከነበረ ደግሞ መድኃኒቱን የሸጠላችሁን ባለሙያ እንቁላሏ ስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቁት። እስከዚያ የጣለችውን አትብሉ፣ ለሰውም አትስጡ፣ አትሽጡም።